ድኙ የት ገባ? የድንጋይ ከሰል ጭስን ከአሲድ ጋዝ የማጽዳት ዝርዝር መመሪያ

ጎጃም ውስጥ በድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ የለም። መብራታችን የሚመጣው ከውሃ ነው፤ ጣና በለስ ብቻውን 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ትልቅ ጸጋ ነው። ግን የድንጋይ ከሰል ራሱ ሩቅ ነገር አይደለም። የአገራችን ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ያቃጥሉታል፤ ደጀን ላይም ሲሚንቶ ፋብሪካ ተተክሏል። ከደብረ ማርቆስና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በምህንድስና የሚመረቁ ልጆቻችን ነገ ከቦይለር፣ ከምድጃ ወይም ውጭ አገር ካለ ትልቅ ማመንጫ ጋር ይሠራሉ። የወረዳ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያውም አንድ ቀን የጭስ ልኬት ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ያገኛል። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ልናገር የምፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። ድኝ (ሰልፈር) አይጠፋም። ከከሰሉ ጋር ወደ ምድጃ የገባ ድኝ ሁሉ በሆነ በር ይወጣል፤ ወይ በጭስ፣ ወይ በአመድ፣ ወይ በጂፕሰም (ድኙ ከኖራ ጋር ተዋህዶ የሚሰጠው ጨው)፣ ወይ በቆሻሻ ውሃ። የመሐንዲሱ ሥራ በየትኛው በር እንዲወጣ መወሰን ነው። ስለዚህ በየደረጃው "ድኙ የት ገባ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከጠፋባችሁ፣ ያላያችሁት በር አለ ማለት ነው።

ስለየትኞቹ ጋዞች ነው የምናወራው?

ከሰል ሲቃጠል በውስጡ ያለው ድኝ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ፣ አንድ በመቶ ገደማ፣ ሌላ ኦክስጅን ጨምሮ ሰልፈር ትራይኦክሳይድ ይሆናል። በከሰሉ ያለው ክሎሪን ሃይድሮጅን ክሎራይድ፣ ፍሎሪኑ ደግሞ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ሆኖ ይወጣል። አራቱም ውሃ ሲያገኙ አሲድ ናቸው። ሰው ሲተነፍሳቸው ሳንባ ይቆጣል፤ አስም ያለበት ሰው በተለይ ይጎዳል። አየር ላይ ደግሞ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ ወደ ደቃቅ ብናኝና ወደ አሲድ ዝናብ ይቀየራል።

መድኃኒቱን የጎጃም ገበሬ ያውቀዋል። ባንጃ ወይም ጎዛምን ያለ ገበሬ አፈሩ አሲዳማ ሲሆንበት ኖራ ይበትናል። (የእኛ አፈር አሲዳማ የሆነው በጭስ አይደለም። ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ስለወሰደው፣ ለዘመናት ያለ እረፍት ስለታረሰ፣ አሞኒየም ያለበት ማዳበሪያም ስለተጨመረበት ነው።) ኖራው በማሳው ላይ የሚሠራውን ሥራ በጭስ ማጠቢያ ውስጥም ይሠራዋል። አሲድን ከካልሲየም ጋር አስሮ ጨው ያደርገዋል። የኖራ ድንጋይ ደግሞ ዓባይ በረሃ ዳር በብዛት አለ።

ደረጃ 1፦ ከሰሉን እወቁት

ብዙ ሰው ከመሣሪያው ይጀምራል። ተሳስቷል ባይ ነኝ። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ከሰሉ ነው። ላቦራቶሪ ልካችሁ ቢያንስ እነዚህን አስለኩ፦ አጠቃላይ ድኝ፣ ክሎሪን፣ ፍሎሪን፣ አመድ፣ እርጥበት፣ የሙቀት ኃይል። የአመዱ የካልሲየም መጠንም ቢታወቅ ጥሩ ነው፤ ካልሲየም የበዛበት አመድ የተወሰነውን ድኝ ራሱ ይዞ ያስቀራል።

ናሙና አወሳሰዱ ከላቦራቶሪው ይበልጣል። ከክምሩ ጫፍ በአካፋ የተዛቀ ናሙና አይታመንም። ደቃቁ መሃል ይቀራል፣ ትልልቁ ወደ ታች ይንከባለላል። ድኝ ያለበት ፓይራይት የሚባለው ማዕድን ደግሞ ከከሰሉ ይልቅ ከባድ ነው፤ ለብቻው ይሰበሰባል። ናሙና ከሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ፣ በየተወሰነ ሰዓቱ፣ የቀበቶውን ሙሉ ስፋት ቆርጣችሁ ውሰዱ። ከዚያ ቀላቅላችሁ ከፋፍሉት።

አማካይ ቁጥር ብቻ አትያዙ። ከሰሉ በአማካይ 1.5 በመቶ ድኝ ኖሮት አንዳንድ ጭነት ላይ 2.5 ሊደርስ ይችላል። መሣሪያው የሚፈተነው በክፉው ቀን ነው።

ደረጃ 2፦ ሒሳቡን በወረቀት ሥሩ

ይህ ደረጃ ካልኩሌተርና ግማሽ ሰዓት ብቻ ይፈልጋል። ግን ሌላውን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድ።

አንድ ማመንጫ በሰዓት 100 ቶን ከሰል ያቃጥላል እንበል። የከሰሉ ኃይል በቶን 22 ጊጋ ጁል ነው፣ ድኙም 1.5 በመቶ። በሰዓት የሚገባው ድኝ 1.5 ቶን ነው። ድኝ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ 32 ግራም ድኝ 64 ግራም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ስለዚህ በሰዓት 3 ቶን። አምስት በመቶው አመድ ውስጥ ቀረ ብንል፣ 2,850 ኪሎ ግራም ወደ ጭስ ይሄዳል።

አሁን የጭሱን መጠን እንፈልግ። የድንጋይ ከሰል ለእያንዳንዱ ጊጋ ጁል ወደ 350 መደበኛ ሜትር ኩብ (በ0 ዲግሪና በባሕር ጠለል ግፊት የተሰላ) ደረቅ ጭስ ይሰጣል፤ ይህ 6 በመቶ ኦክስጅን ላይ ሲሰላ ነው። ኃይሉ በሰዓት 2,200 ጊጋ ጁል ስለሆነ ጭሱ 770,000 መደበኛ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። 2,850 ኪሎውን ለዚህ ብናካፍል በሜትር ኩብ 3,700 ሚሊግራም ይመጣል።

ገደቡስ ስንት ነው? እንደ አገሩ ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የኢንዱስትሪ ልቀት መመሪያ ለትልልቅ ነባር ማመንጫዎች 200 ሚሊግራም ያስቀምጣል። ቻይና "እጅግ ዝቅተኛ ልቀት" በምትለው ደረጃ 35 ትጠይቃለች። የእኛው ምሳሌ 200 ላይ ለመድረስ ወደ 95 በመቶ ማስቀረት አለበት፤ 35 ላይ ለመድረስ ደግሞ 99 በመቶ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል። በፓምፕ፣ በማጠቢያ ማማ ቁመትና በኤሌክትሪክ ፍጆታ ግን ትልቅ ነው።

ኖራ ድንጋዩን እናስላ። ለአንድ ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ 1.56 ቶን ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። ወደ 200 ለማውረድ በሰዓት 2.7 ቶን ያህል መያዝ ስላለብን 4.2 ቶን ይሆናል። የድንጋዩ ንጽሕና 90 በመቶ ከሆነና ትንሽ ትርፍ ከጨመርን 4.8 ቶን። በቀን 115 ቶን፤ ማለት በየቀኑ ሦስትና አራት ከባድ መኪና። የሚወጣው ጂፕሰም በሰዓት 7.2 ቶን፣ በቀን ከ170 ቶን በላይ ነው። ይህን ጂፕሰም ማን ይረከባል? ካሁኑ ጠይቁ። ድኙ እዚያ ገብቷልና።

ክሎሪኑንም አትርሱ። 0.1 በመቶ ክሎሪን ያለው ከሰል በዚሁ ምሳሌ በሰዓት 103 ኪሎ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይሰጣል፤ በሜትር ኩብ 134 ሚሊግራም ገደማ።

ደረጃ 3፦ ጭሱን ለኩ፣ ቁጥሩንም በትክክል አንብቡ

ወረቀቱ የሚለውንና ጭስ ማውጫው የሚያሳየውን አስተያዩ። በጣም ከተራራቁ አንዱ ተሳስቷል።

ሦስት ቦታ ላይ ስህተት ይበዛል። የመጀመሪያው ኦክስጅን ነው። ወደ ጭሱ አየር ሾልኮ ከገባ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ብክለቱ ግን አልቀነሰም። ስለዚህ ሁሉም ልኬት ወደ አንድ የኦክስጅን መጠን ይመለሳል። ቀመሩ ቀላል ነው፦ የተለካውን በ15 ታባዛላችሁ፣ ከዚያ ከ21 ላይ የተለካው ኦክስጅን ተቀንሶ በቀረው ታካፍላላችሁ። 15 የመጣው 21 ሲቀነስ 6 ከሚለው ነው። ጭሱ ላይ 11 በመቶ ኦክስጅን ተገኝቶ 200 ሚሊግራም ቢለካ፣ እውነተኛው ቁጥር 300 ነው። ሪፖርት ላይ ይህ እርማት መደረጉ ካልተጻፈ፣ ባለሙያው መልሶ ይጠይቅ።

ሁለተኛው የሚመለከተው እኛን ደጋ ላይ ያለነውን ነው። ደጀንም ደብረ ማርቆስም ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ያው ክብደት ያለው ጋዝ እዚህ አንድ ሦስተኛ የሚያህል ተጨማሪ ቦታ ይይዛል። ባሕር ዳርቻ ላለ ፋብሪካ የተነደፈ ፋን፣ ቱቦና የከረጢት ማጣሪያ እንዳለ ተገልብጦ እዚህ ቢተከል ያንሳል። ጋዙም በማጠቢያው ውስጥ በፍጥነት ያልፋል፤ የመገናኛ ጊዜው ያጥራል። ሻጩ ያቀረበው ቁጥር "መደበኛ" ሜትር ኩብ ነው ወይስ በቦታው ያለው ሜትር ኩብ? ይህን ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቡ።

ሦስተኛው የናሙና መስመሩ ነው። ሃይድሮጅን ክሎራይድ ውሃ ይወዳል። የናሙና ቱቦው ከቀዘቀዘና ጠብታ ከያዘ ጋዙ እዚያው ሟሙቶ ይቀራል፣ መሣሪያውም "ምንም የለም" ይላል። መስመሩ እስከ መጨረሻው 180 ዲግሪ አካባቢ መሞቅ አለበት።

ደረጃ 4፦ ከምንጩ የሚቀነሰውን ቀንሱ

ወደ ማጠቢያ ከመሄዳችሁ በፊት ርካሹን መንገድ ተመልከቱ። ድኙ ያነሰ ከሰል ይገኛል ወይ? ዋጋው ቢጨምርም የኖራውን፣ የኤሌክትሪኩንና የዝቃጩን ወጪ ይቀንሳል። ከሰሉን በውሃ ማጠብም ይረዳል። ግን የሚወጣው ፓይራይቱ ብቻ ነው። ከከሰሉ አካል ጋር በኬሚካል የተሳሰረው ድኝ በማጠብ አይወጣም። ላቦራቶሪው ሁለቱን ለይቶ ካልነገራችሁ ከሰሉን የማጠብን ጥቅም መገመት አትችሉም።

ቦይለሩ ገና የሚገዛ ከሆነ የሚንሳፈፍ አሸዋ ያለውን ዓይነት አስቡበት፤ ፍሉዳይዝድ ቤድ ይባላል። እዚያ የኖራ ድንጋይ ከከሰሉ ጋር አብሮ ወደ ምድጃው ይገባል። ምድጃው 850 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሠራ ኖራው ድኙን እዚያው ይይዘዋል፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ማስቀረት ይቻላል። ያለው ጉድለት ኖራ ይበላል፣ አመዱም ይበዛል።

ስለ ሲሚንቶ ምድጃ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ደጀን ቅርባችን ነውና። ሲሚንቶ ምድጃ ከኤሌክትሪክ ማመንጫ ይለያል። በውስጡ ራሱ ትኩስ ኖራ ሞልቷል። ከከሰሉ የሚመጣውን ድኝ አብዛኛውን ይይዘውና ክሊንከሩ (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ድንጋይ) ውስጥ ይቀራል። ከጭስ ማውጫው ድኝ ከበዛ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከሰሉ ሳይሆን ጥሬ ድንጋዩ ውስጥ ያለ ፓይራይት ነው። እሱ ማሞቂያው ላይኛው ክፍል ላይ፣ ትኩስ ኖራ ከሌለበት ቦታ፣ ተቃጥሎ ይወጣል። ስለዚህ ሲሚንቶ ፋብሪካ ላይ ናሙና መወሰድ ያለበት ከጥሬ ድንጋዩም ነው።

ደረጃ 5፦ መሣሪያውን ምረጡ

ሦስት ዋና መንገዶች አሉ። ደረቅ ዱቄት መርጨት፣ ከፊል ደረቅ ማጠቢያ እና እርጥብ ማጠቢያ። (አራተኛው በባሕር ውሃ ማጠብ ነው፤ ለእኛ አይሆንም።)

የኔ ፍርድ ይህ ነው። ቦይለሩ ትንሽ ከሆነ፣ ድኙ ካነሰ፣ ወይም ችግሩ በዋናነት ክሎሪን ከሆነ ደረቅ ዱቄት ይበቃል። ድኙ መካከለኛ ሆኖ ውሃ ከጠበበ ከፊል ደረቁ ይሻላል። ማመንጫው ትልቅ ከሆነ፣ ድኙ ከበዛና የኖራ ድንጋይ ቅርብ ከሆነ እርጥቡ ያዋጣል። እርጥቡ ሲገዛ ውድ ነው፤ በየቀኑ የሚበላው ድንጋይ ግን ርካሽ ነው። ደረቁ በተቃራኒው ነው፤ መሣሪያው ርካሽ፣ ዱቄቱ ውድ።

ደረጃ 6፦ ደረቅ ዱቄት መርጨት

አሠራሩ ግልጽ ነው። ደቃቅ ዱቄት በአየር ተገፍቶ ወደ ጭስ ቱቦው ይረጫል። ከአሲድ ጋዙ ጋር ይዋሃዳል። ከዚያ ከአመዱ ጋር ማጣሪያው ላይ ይያዛል።

ዱቄቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሃይድሬትድ ላይም፣ ማለትም የተቃጠለ ኖራ ውሃ ጠጥቶ የደቀቀው። ሌላው የሶዲየም ወገን ነው፤ ትሮና ወይም ሶዲየም ባይካርቦኔት። ባይካርቦኔት ትኩስ ጋዝ ውስጥ ሲገባ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተፋል፤ ቅንጣቱ ውስጥ ብዙ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ጋዙ የሚገባው በዚያ ነው። ለዚህ ጋዙ ቢያንስ 140 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። "ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) በአቢጃታ ሐይቅ አለ፣ ለምን እሱን አንረጭም?" የሚል ካለ መልሱ እዚሁ ነው። ሶዳ አሽ የሚተፋው ነገር የለውም፤ ቀዳዳው አይከፈትም፣ ከላዩ ብቻ ይሠራል።

ምርጫው አመዱን ይነካል። አመዱን ለሲሚንቶ ወይም ለኮንክሪት የምትሸጡ ከሆነ ሶዲየም ያበላሸዋል። ሶዲየም ያለበት አመድ ውሃ ሲነካው በቀላሉ ይሟሟል፤ ሲጣልም ከሥሩ መከላከያ ይፈልጋል። ኖራ እዚህ ላይ የተሻለ ነው። በሌላ በኩል ማጣሪያው ኤሌክትሮስታቲክ (አመዱን በኤሌክትሪክ ስቦ የሚይዝ) ከሆነ ኖራ የአመዱን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ከፍ ያደርግና ማጣሪያውን ያዳክማል፤ ሶዲየም ግን ይረዳዋል። የከረጢት ማጣሪያ ካላችሁ እድለኞች ናችሁ። ዱቄቱ ከረጢቱ ላይ ተጋግሮ ሲቀመጥ ጋዙ በእሱ ውስጥ ያልፋል፤ ማጣራቱ እዚያም ይቀጥላል።

ሥራ ላይ የሚያስቸግረው ነገር ብዙ ጊዜ ኬሚስትሪው አይደለም። ቱቦ መደፈን ነው። ዱቄቱን የሚገፋው አየር ደረቅና ቀዝቃዛ ይሁን። እርጥብ አየር ዱቄቱን ያጋግረዋል። ኖራ ደግሞ በአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ የቱቦውን ግድግዳ ድንጋይ ያለብሰዋል። ቱቦው ላይ ሹል መታጠፊያ አይኑር። ለጽዳት የሚፈታ መገጣጠሚያ በየቦታው ይኑር። የመርጫ አፎቹም የቱቦውን ሙሉ ስፋት ይሸፍኑ፤ ዱቄቱ በአንድ ጎን ብቻ ከሄደ በሌላው ጎን ያለው ጋዝ ሳይነካ ያልፋል። ዱቄት ብትጨምሩም ለውጥ ካላያችሁ መጀመሪያ ይህን መርምሩ።

ከፊል ደረቁ ላይ ብዙ አልቆይም። ኖራው በውሃ ተበጥብጦ በጣም ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ይረጫል፤ የጭሱ ሙቀት ያደርቀዋል፤ የከረጢት ማጣሪያ ይይዘዋል። ከ90 እስከ 95 በመቶ ማስቀረት ይችላል። ቁልፉ ሙቀቱ ነው። ጋዙ በውሃ ከሚጠግብበት ሙቀት 10 እና 15 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ መውጣት አለበት። ከዚያ ከራቀ መያዙ ይደክማል፤ በጣም ከቀረበ ግድግዳውና ከረጢቱ ይረጥባል። የመጠገቢያው ሙቀት ደጋ ላይ ዝቅ ስለሚል ከሌላ ቦታ የመጣውን መቆጣጠሪያ ቁጥር እንዳለ አትጠቀሙ።

ደረጃ 7፦ እርጥብ ማጠቢያ

ጭስን በውሃ ማጠብ አዲስ ነገር አይደለም። ለንደን የነበረው የባተርሲ ማመንጫ በ1930ዎቹ የቴምዝን ወንዝ ውሃ እየተጠቀመ ጭሱን ያጥብ ነበር። ውሃው ተመልሶ ወደ ወንዙ ይሄድ ነበር። ድኙ የት ገባ? ቴምዝ ውስጥ። የዛሬው አሠራር ድኙን ጂፕሰም አድርጎ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ አመዱ በማጣሪያ ይወጣል። ከዚያ ጋዙ ወደ ማማው ከታች ይገባል። የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ ከላይ በብዙ መርጫ አፍ ይወርዳል። ጋዙ ይታጠባል። ከታች ባለው ገንዳ ውስጥ አየር ይነፋበታል፤ አየሩ ውጤቱን ወደ ጂፕሰም ይለውጠዋል። በደንብ ከተያዘ ከ95 እስከ 98 በመቶ ያስቀራል።

ድንጋዩ በጣም መድቀቅ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው 90 በመቶው 44 ማይክሮን ወንፊት እንዲያልፍ ነው። በደንብ ያልደቀቀ ዱቄት ሳይሟሟ ጂፕሰሙ ውስጥ ይገባና ጂፕሰሙን ያረክሰዋል። ማግኒዥየም የበዛበት፣ ዶሎማይት የሚባለው ድንጋይም በቀላሉ አይሟሟም። ድንጋይ ከመግዛታችሁ በፊት በአሲድ የመሟሟት ፍጥነቱን አስፈትኑ።

በየሰዓቱ ዓይናችሁ ከብጥብጡ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ላይ አይነሳ። ከ5 እስከ 6 መካከል ይሁን። ከዚያ ከወረደ ጋዙ አይያዝም። ከወጣ ደግሞ ድንጋዩ አይሟሟም፤ ብክነት ነው፣ ግድግዳና ቱቦ ላይም ይጋገራል። አንድ አስቸጋሪ ሁኔታ አለ። ፒኤቹ ይወርዳል፣ ድንጋይ ትጨምራላችሁ፣ አሁንም ይወርዳል። ይህ ሲሆን ድንጋይ መጨመሩን አቁሙ። ምናልባት ከከሰሉ የመጣው ፍሎራይድ ሾልኮ ከገባ አመድ ካለው አልሙኒየም ጋር ተጣምሮ የድንጋዩን ቅንጣት ሸፍኖታል። የአመድ ማጣሪያውን ፈትሹ። መፍትሔው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ሃይድሮጅን ክሎራይድ በእርጥብ ማጠቢያ በቀላሉ ይያዛል። ለዚህም ነው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ደንብ ማጠቢያ ያላቸው ማመንጫዎች በክሎራይዱ ፋንታ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱን እየለኩ ማሳየት የሚችሉት። ግን የተያዘው ክሎራይድ ውሃው ውስጥ ይጠራቀማል። ሲበዛ ብረት ይበላል፣ የድንጋዩንም መሟሟት ያዘገያል። ስለዚህ ከውሃው የተወሰነው ያለማቋረጥ መወገድና መታከም አለበት። ይህ ውሃ ሜርኩሪ፣ ሴሌኒየምና ሌሎች ብረቶች ይኖሩበታል። ወደ ወንዝ አይለቀቅም። እኛ አገር ይህን የሚያግድ ሕግ አለ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995። ከኛ ደጋ የሚወርድ ወንዝ ሁሉ ዓባይ እንደሚገባ ደግሞ ለጎጃም ሰው አይነገርም።

ከማማው ጫፍ ላይ የጠብታ መያዣ አለ። ሰው የሚረሳው ክፍል ነው። ጋዙ ጠብታ ይዞ እንዳይወጣ ያግዳል። በየጊዜው በንጹሕ ውሃ ካልታጠበ በጂፕሰም ይደፈናል፤ ብጥብጡም ከጋዙ ጋር ወደ ጭስ ማውጫ ይሄዳል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ያለው ኩሲሌ በአህጉራችን እርጥብ ማጠቢያ የተገጠመለት የመጀመሪያው የከሰል ማመንጫ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የአንደኛው ዩኒት የጭስ ቱቦ በውስጡ በተጠራቀመ ዝቃጭ ክብደት ተሰበረ። ጭስ ማውጫውን የሚጋሩት ሁለት ዩኒቶችም ቆሙ። አገሪቱ መብራት በፈረቃ በምታዳርስበት ጊዜ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጊዜያዊ ጭስ ማውጫ ተሠርቶ ዩኒቶቹ ያለ ማጠቢያ ወደ ሥራ ተመለሱ። ስለዚህ አደራ፣ በመያዣው ላይ ያለውን የግፊት ልዩነት በየፈረቃው መዝግቡ። አግድም የተዘረጋ ቱቦ ካለ ደግሞ በየጥገናው ውስጡን በዓይን እዩ።

ጂፕሰሙ ታጥቦ፣ ተጣርቶ፣ እርጥበቱ 10 በመቶ ገደማ ሲደርስ ይሸጣል። ሲሚንቶ ፋብሪካ ክሊንከር ሲፈጭ ጥቂት በመቶ ጂፕሰም ይጨምራል። ገዢው ግን ክሎራይዱ ዝቅ እንዲል ይፈልጋል። በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት።

ደረጃ 8፦ ሰልፈር ትራይኦክሳይድን ለብቻው ያዙ

መጠኑ ትንሽ ነው፣ ጉዳቱ ብዙ። ጋዙ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ አካባቢ ሲቀዘቅዝ ሰልፈሪክ አሲድ ሆኖ ብረት ላይ ይተኛል። የአየር ማሞቂያው ቀዝቃዛ ጫፍና የጭስ ቱቦው የሚበሳው በዚህ ነው። እርጥብ ማጠቢያ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ደቃቅ ጉም ይሆንና በውሃው መካከል ሾልኮ ይወጣል፤ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ የሚታየው ያኔ ነው። የናይትሮጅን ኦክሳይድ መቀነሻ ካታሊስት ካለ መጠኑን ይጨምረዋል።

መፍትሔው ከአመድ ማጣሪያው በፊት ትንሽ ሃይድሬትድ ላይም ወይም ትሮና መርጨት ነው። ሜርኩሪ ለመያዝ አክቲቬትድ ካርቦን (ቀዳዳ የበዛበት የካርቦን ዱቄት) የምትረጩ ከሆነ ኖራው ከካርቦኑ ቀድሞ ይግባ። አለዚያ አሲዱ የካርቦኑን ቦታ ይይዝበታል።

ደረጃ 9፦ የሠራተኛው ደኅንነት

የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል። ዓይን ውስጥ የገባ ኖራ ያሳውራል። መነጽር፣ ጓንትና የዓይን ማጠቢያ ቧንቧ ከሥራው ቦታ ጥቂት እርምጃ ላይ ይኑሩ፤ ቧንቧው ውሃ እንዳለው በየቀኑ ይፈተሽ። ዓይኑ ውስጥ የገባበት ሰው ቢያንስ 15 ደቂቃ ያለማቋረጥ ይታጠብና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ማማው ውስጥ ለጥገና ሲገባ ኦክስጅን ይለካ፤ ውጭ የሚጠብቅ ሰው ይቁም። የማማው ግድግዳ ብዙ ጊዜ በጎማ የተለበጠ ነው፣ የጠብታ መያዣውም ፕላስቲክ ነው። የብየዳ ፍንጣሪ ካረፈበት ማማው በሙሉ ይነዳል፤ በዓለም ላይ ብዙ ማማዎች በጥገና ጊዜ የተቃጠሉት እንዲህ ነው። የብየዳ ፈቃድ ያለ እሳት ጠባቂና ያለ ተዘጋጀ ውሃ አይፈረም። ይህን በችኮላ የሚያልፍ ኃላፊ ካለ ሠራተኛው እምቢ የማለት መብት ሊኖረው ይገባል።

ደረጃ 10፦ ርክክቡ

ተቋራጩ ሥራውን ሲያስረክብ የማረጋገጫ ፈተና ይደረጋል። ከፈተናው በፊት ውሉ ላይ እነዚህ ተጽፈው ይገኙ፦ ውጤቱ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ በስንት ኦክስጅን፣ በየትኛው ከፍታ፣ በየትኛው የድኝ መጠን፣ በሰዓት ስንት ቶን ድንጋይና ስንት ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ ተበልቶ። የማስቀረት መቶኛ ብቻ ከተጻፈ ተቋራጩ ድንጋይ እንደልቡ አፍስሶ ፈተናውን ያልፋል፤ ወጪው የሚቀረው በእናንተ ላይ ነው። መለኪያ መሣሪያዎቹ በታወቀ ጋዝ ተፈትነው መስተካከላቸውን እዩ። በፈተናው ሳምንት ድኙን በሁሉም በር ቁጠሩት። ከከሰሉ የገባው በጭስ፣ በአመድ፣ በጂፕሰምና በውሃ ከወጣው ጋር ይመጣጠን።

የፈተናው ቀን የሚቃጠለው ከሰል ናሙናም በሁለታችሁ ፊት ይወሰድ። ሦስት ቦታ ይከፈል። አንዱ ለተቋራጩ፣ አንዱ ለላቦራቶሪ። ሦስተኛው በሁለታችሁ ፊርማ ታሽጎ እናንተ ጋ ይቀመጥ፤ የዋስትናው ጊዜ እስኪያልቅም አይከፈት።